ወሬን በአደባባይ የረቱት ሐጂ ኑሪ

ክረምቱ ሳይገባ በርበሬ ላስፈጭ ብዬ ከአቃቂ ወደ ሳሪስ አቦ ወጣሁ። በሐጂ ኑሪ ወፍጮ ቤት ወረፋ እንደማይቀር ስለማውቅ የማነበው መጽሐፍ ይዤ ነበር። ስደርስ ግን በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሞተሩም አይሰማም። ሐጂ ኑሪ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው በዚያች ወፍጮ ልጆች ያሳደጉና ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደጃፉ ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ናዕማም አጠገባቸው ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስለ ሰፈሩ ገበያና ኑሮ በብሎግና በፌስቡክ የምትጽፍ ወጣት ናት።

"ሞተሩ ተበላሸ እንዴ፣ ሐጂ?" አልኳቸው።

"የተበላሸውስ ስሜ ነው፣ መምህር። አልሰማህም?"

ናዕማ ስልኳን አቀበለችኝ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ባሰራጨው ቪዲዮ ሰዎች ቀይ ዱቄት በአካፋ ሲያማስሉ ይታያል። ጽሑፉ "የሳሪስ አቦው ሐጂ ኑሪ በርበሬን ከሸክላ ጋር ሲፈጭ እጅ ከፍንጅ ተያዘ" ይላል። ከሥሩ የሰው ስድብ እንደ ጎርፍ ወርዷል።

"ይኼ ከወጣ ወዲህ ሰው ደጃችንን አይቶ እንዳላየ ያልፋል" አለች ናዕማ። "ሠራተኞቹም ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። መልስ ልጽፍ ብል አባባ ከለከሉኝ።"

"ከልክያለሁ!" አሉ ሐጂ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በዚህ ሰፈር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ፊቱን ከማላየው ሰው ጋር በስልክ ልሟገት? ደግሞስ ልጄን በስሟና በመልኳ አውጥቼ ለተሳዳቢ ልስጣት? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጽሑፍማ ጭራሽ ወጌሻም የለው!"

እውነቱን ለመናገር እኔም ነገራቸው ሚዛን ደፋብኝ። ስንቱ ቸኩሎ ጽፎ ሲጸጸት አይቻለሁና።

ናዕማ በትሕትና ግን ሳታፈገፍግ መለሰች። "የሚያውቅዎትማ ያውቅዎታል፣ አባባ። ቃሊቲ ኮንዶሚኒየም አዲስ የገባው፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ የሚገባው ሰው ግን ከየት ያውቅዎታል? እሱ ያየው ይኼን ቪዲዮ ብቻ ነው። ድሮ በገበያ ስሙ የተነሳ ሰው ገበያ ወጥቶ አይመልስም ነበር? የዛሬው ገበያ ይኼ ነው።"

"ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

"ጆንያ ውስጥ የተቀመጠው በርበሬ ግን ይነቅዛል፣ አባባ።"

ሐጂ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እኔም ነገሩ እንዳይቀዘቅዝ "ማስረጃ አለሽ ወይ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አለኝ። ቪዲዮው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተቀረጸ ነው። ሙሉውን ፈልጌ አገኘሁት። ሰዎቹ የሚያማስሉት የወለል ቀለም ነው። አንዱ መጀመሪያውን ቆርጦ፣ ድምፁን አጥፍቶ የአባባን ስም ለጠፈበት።"

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ ብዙ አሰቡ። "እንግዲያው ጻፊ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ሽማግሌ ሁለቱንም ሳይሰማ አይፈርድም። የዚያን ሰው ስም ከማንሳትሽ በፊት ጠርተሽ አነጋግሪው። እሱ ሳይጠይቀኝ ጻፈብኝ፤ አንቺም ሳትጠይቂው እንዳትጽፊበት።"

ናዕማ እንደታዘዘችው ለቻናሉ ባለቤት መልእክት ላከችለት። እኔም በርበሬዬን ትቼላቸው ሄድኩ። በማግሥቱ ነገሩን ለማየት ስመለስ ብሩህ የሚባል ወጣት፣ ጠብ እንደሚጠብቀው ሰው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ መጣ። ሐጂ ወንበር ሰጡት። ናዕማም ሙሉውን ቪዲዮ አሳየችው።

"ሰው ላከልኝ፤ እኔም ለጠፍኩት" አለ ብሩህ።

"ከመለጠፍህ በፊት ታክሲ ብትይዝ እኮ እዚሁ ነበርኩ፣ ልጄ" አሉት ሐጂ።

ብሩህ እዚያው ተቀምጦ ቪዲዮውን ከቻናሉ ሰረዘ፤ በራሱ ድምፅም ይቅርታ ጠይቆ በዚያው ቻናል ለቀቀ። ናዕማም ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን አድርጋ፣ በሙሉ ስሟ ጽፋ አወጣች።

ያልጠበቅሁት ከዚህ በኋላ መጣ። ሐጂ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሡና "በይ፣ ያንን ስልክ ወዲህ አዙሪው" አሉ። በቀጥታ ስርጭት በርበሬ ከሚቀነጥሱት ሴቶች አንሥተው እስከ ወፍጮው አፍ ድረስ እየመሩ አሳዩ። "እኔ ኑሪ ነኝ። የምትጠራጠሩ በርበሬያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዓይናችሁ እያየ እፈጫለሁ!" ትናንት የተሳደቡት "አፉ በሉን፣ ሐጂ" እያሉ ከስርጭቱ ሥር በጽሑፍ ጎረፉ። አንዱ ግን መሳደቡን አልተወም። ናዕማ ልትመልስለት ስትል "ተዪው፤ ሲመጣ ያያል" አሏት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሞተሩ እንደገና አጓራ፤ ወረፋውም እስከ አስፋልቱ ደረሰ። የቂሊንጦ ሠራተኞች ሳይቀሩ ከፈረቃ ሲወጡ ላስቲካቸውን ይዘው ቆመዋል። በስልክ መመለስን ይጠሉ የነበሩት ሐጂ አሁን ጎረቤት ነጋዴዎችን የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። "ስማችሁ ሲነሣ አትደበቁ፤ በስማችሁ፣ በማስረጃ፣ ሳትሳደቡ መልሱ። የሰው ወሬ ሲደርሳችሁም ማን አለ፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ሳትጠይቁ ለሌላ አታሳልፉ። ይኼን ያወቀ ሰው በስልኩ እንጀራውንም ስሙንም ይጠብቃል፤ የጎረቤቱንም ጭምር።"

በርበሬዬን ልወስድ በተመለስኩ ቀን ብሩህ እየሮጠ መጣ። ስለ አንድ ዳቦ ቤት ክፉ ቪዲዮ ደርሶት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከመለጠፉ በፊት ታክሲ ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ፤ ገብቶ አየ፤ ጠየቀ። ሐሰት ሆኖ ስላገኘው ቪዲዮውን መጣሉን ሊነግረን ነበር የመጣው።

ሐጂ ኑሪ በዱቄት የቀላ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና በወፍጮው ድምፅ ላይ ጮኹ።

"ናዕማ! ነይ፣ ይኼንንም ጻፊው!"