የሊጡ ሳጥንና የአያት ደረት

አባ ሙቀት ዕድሜያቸውን ሙሉ የዳቦ ምድጃ ሲያዝዙ ስለኖሩ፣ ስለ ሙቀት ሊመክራቸው የሞከረውን ሁሉ እንደ ተሳዳቢ ነበር የሚቆጥሩት። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈርተኛው ነው፤ እሳቸውም ወደውታል። አንድ ማለዳ ታዲያ የእህታቸው ልጅ ለቁርስ ዳቦ ልትገዛ ጎራ ባትል ኖሮ፣ ያ የሚወዱት ስም መራራ ቀልድ ሆኖባቸው ይቀር ነበር።

የእህታቸው ልጅ ነርስ ናት። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን ውድ መሣሪያ በሌለበት ቦታ እንዴት ማትረፍ እንደሚቻል ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ትሠራለች። ዳቦዋን ተቀብላ ልትወጣ ስትል፣ ከምድጃው አፍ አጠገብ፣ ሊጥ ኩፍ በሚልበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጥጥ ሲንቀሳቀስ አየች። «ሲጥ» የሚል ቀጭን ድምፅም ሰማች።

«አጎቴ! ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ምን ይሆናል? የልጅ ልጄ ናታ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ሕፃኗ ያለጊዜዋ ተወልዳ ከሐኪም ቤት የወጣችው ትናንት ነበር። እናቷ «ሌት ተቀን ደረትሽ ላይ፣ ገላ ለገላ ያዣት» ተብላለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ምስኪኗ ሌሊቱን ሙሉ ይዛት አድራ፣ ሲነጋ ጓዳ ውስጥ ድክም ብሏት ተኛች። የሕፃኗ አባት ዳቦ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር፤ ይህን ጊዜ ነው አባ ሙቀት ሕፃኗን አንስተው ወደሚያምኑት ሙቀት ያመጧት። ክፋት አልነበረበትም፤ ፍቅር ነው ያሳሳታቸው። ሕፃን የሚቀጠፈው ግን በክፋት ብቻ አይደለም፤ ነርሷ ይህን በሥራዋ ደጋግማ አይታዋለች።

«ደረት ላይ መያዝ የድሃ ዘዴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የሕፃን ማሞቂያ ማሽን ሲያጡ ጊዜ ምራቴን ማሽን አደረጓት! ይሄ ሁሉ ምድጃ እያለ?»

«ማሽን ሞልቶ በተረፈበት አገርም ይሄንኑ ያደርጋሉ፣ አጎቴ። እስቲ እግሯን ይንኩ።»

ሊጥ እንደሚፈትሹት በእጃቸው ጀርባ ነኩ። በምድጃው በኩል ያለው ጎኗ ይፋጃል፤ እግሮቿ ግን ቀዝቅዘዋል። አባ ሙቀት ክው አሉ። ለምድጃ አፍ የቀረበ ዳቦ አንድ ጎኑ አርሮ አንድ ጎኑ ጥሬ እንደሚቀር ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

«ቶሎ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሸሚዝዎን ይፍቱ!» አለች ነርሷ ሕፃኗን ከሳጥኑ እያነሳች።

«እኔ?»

«እናቷን እስክቀሰቅስ የቅርቡ ደረት የእርስዎ ነው!»

«ወንድ አራስ ሲሆን የት አየሽ፣ ልጄ? ደንበኛው ምን ይለኛል?» ይበሉ እንጂ ወዲያው ታጥበው ቁልፋቸውን መፍታት ጀምረው ነበር። ደረታቸው ላይ ያለውን ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ሕፃኗ ኮፍያዋን እንዳደረገች፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ ደረታቸው ላይ ተኛች፤ ጀርባዋን ብርድ ልብስ ሸፈነው።

ምራታቸው ተቀስቅሳ በድንጋጤ ከጓዳ ወጣች። አማቷን እንደዚያ ሆነው ስታይ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ድንጋጤው እስኪለቃት ነርሷ አስቀመጠቻትና ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አባ ሙቀት ሲፈሩ ደግሞ ይጨቃጨቃሉ።

«ቆይ፣ ይሄ ነገር እንደሚያድን ካወቃችሁ ለምን ታጠናላችሁ? ጥናት እኮ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው!»

«እርስዎስ ይህን ያህል ዘመን ጋግረው፣ ከምድጃ የወጣውን ዳቦ ገልብጠው መታ መታ የሚያደርጉት ስለማያውቁ ነው?»

«ድምፅ ካልሰጠ ውስጡ አልበሰለማ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«ጥናትም ይኸው ነው። ደረት ላይ የዋሉ ትንንሽ ሕፃናት ካልዋሉት ይልቅ በብዛት እንደሚተርፉ በብዙ አገር ተፈትሾ ታይቷል። እኛ አሁን የምንፈትሸው፣ እናት ስትደክም ቤት ውስጥ ማን ይተካት የሚለውን ነው። አባት? አያት? እንደ እርስዎ ያለው እምቢ ካለ፣ እናት ብቻዋን እስከ መቼ ትችላለች?»

አባ ሙቀት አንገታቸውን አቀርቅረው የሕፃኗን እግር በእጃቸው ጀርባ እንደገና ዳሰሱ። እንደገናም ዳሰሱ።

«ሞቀች! ኧረ ሞቀች! ሊጡ ኩፍ አለ!» ብለው ሊዘሉ ሲሉ ነርሷ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ሕፃኗ ወደ እናቷ ዞራ ጡት ያዘች። ነርሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ይያት ብላ ሁሉንም ይዛ ሄደች። «የቀዘቀዘ፣ ጡት እምቢ ያለ፣ ትንፋሹ የተቻኮለ ሕፃን ‹እስቲ ነገ ይሻለው ይሆናል› አይባልም» ስትላቸው፣ አባ ሙቀት ያለ አንዳች ክርክር ተቀበሉ። ይህም በዘመናቸው የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ለሊጥ ተመለሰ። እናት ስትተኛ አባት፣ አባት ዳቦ ሊያደርስ ሲወጣ አያት ተረኛ ሆኑ። እንቅልፍ ያገኘችው እናት ፊቷ ወዝ አወጣ፤ ልጅቷም ጡት በመሳብ በረታች። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። ያስፈለገው የታጠበ እጅ፣ የእናት ጡት፣ ተራ የሚቀበል ደረትና የአደጋውን ምልክት አይቶ ወደ ሐኪም የሚሮጥ ቤተሰብ ነበር።

አንድ ቀን፣ አባ ሙቀት ከምድጃው ርቀው መሸጫው ጋ ሕፃኗን ታቅፈው ሳሉ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ገባ።

«አባ ሙቀት፣ አራስ ሆኑ እንዴ?»

«አዎ! አራስ ለመጠየቅ ታዲያ ባዶ እጅ ይመጣል? ይልቅ ሚስትህ መውለጃዋ ደርሷል አይደል? ና፣ ሸሚዝ አፈታት ላስተምርህ። አንተ መስፋቱን እንጂ መፍታቱን አታውቅም።»

«አባባ፣ ልጄን ይስጡኝ እንጂ፤ መጥቢያዋ ደርሷል» አለች ምራታቸው ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ እየሳቁ።

ያን ጊዜ፣ ከተወለደች ጀምሮ ሲጥ ከማለት ያላለፈችው ልጅ ጉሮሮዋን ከፍታ አለቀሰች። ለቅሶዋ ዳቦ ቤቱን ሞላው፤ ደንበኛው ሁሉ ዞረ። አባ ሙቀት እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ምራታቸውን ተመለከቱ።

«ሰማሽ? ድምፅ ሰጠች!»