ለእማማ ዘቢደር ያልመለስኩት ጥያቄ

ዛሬ ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ካልተሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የእድራችን ዳኛ አያ መንግስቱ፣ ከአምበርም ከደብረ ማርቆስም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ። የጌቱ ልጅ የኔዓለም ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የእማማ ዘቢደር ልጅ ታየች ናት፣ "የእናቴን ደብዳቤ ሁሉ ስታነቢላት የኖርሽ አንቺ ነሽ፤ የሕይወት ታሪኳንም አንቺ አንብቢላት" ያለችኝ። እምቢ ለማለት አፈርኩ።

የሕይወት ታሪካቸው አጭር ነው። እዚሁ ተወለዱ። እዚሁ ተዳሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ታየች ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ጎረቤት እያረሰላቸው፣ እርሳቸው እያረሙና እያጨዱ አራት ልጆች አሳደጉ። የሳንባ ምች ታመው ትናንት አረፉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ይህ ብቻ ነው ሕይወታቸው? አይደለም። እናንተ ታውቃላችሁ።

አምና በየካቲት መሬታችን ላይ ትልቅ የመኖሪያ መንደር ሊሠራ ነው ተባለ። ሁለት ሺህ ቤት። ከወንዙ እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ። ቀያሾች መጡና ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል በየማሳችን ተከሉ። ወጣቶቹ "እንንቀለው" ብለው ተነሡ። ማን ከለከላቸው? እማማ ዘቢደር። ከዚያስ ምን አደረጉ? ጥጃቸውን አምጥተው ችካሉ ላይ አሰሩ።

ቀያሹ በማግስቱ መጣ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ችካል ነው!"

"አውቃለሁ ልጄ፣ ጠንካራ ነው። የኔ በየክረምቱ ይበሰብስብኛል።"

"ኧረ ጥጃዋን ይፍቱልኝ።"

"አንተው ፍታት። መራገጥ ግን ትወዳለች።"

ሁላችንም ሳቅን። ቀያሹም ሳቀ። አስቀምጠው እርጎ ሰጡት። እየጠጣ ሳለ እንዲህ አሉት፦ "ቤት አይሠራ አላልኩም። ታየችም ማርቆስ ውስጥ ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ቤት ማጣትን አውቃለሁ። ግን ያን ድንጋያም ጋራ ተመልከት። ምንም አይበቅልበትም። ለምን እዚያ አትሠሩም?" ቀያሹ አንገቱን ደፍቶ፣ "እማማ፣ የኔ ሥራ መለካት ብቻ ነው" አለ።

"ቤተ ክርስቲያኑን አንነካም" የተባለ ጊዜስ ተነሥቶ የተናገረው ማን ነበር? "ሰዉን ካነሣችሁት ቅዳሴው ለማን ሊቀደስ ነው? ለግንቡ?" ያሉት እርሳቸው ናቸው። ካህናት አባቶቼ፣ ሰምታችኋል።

አሁን የምናገረው ታየች አንብቢ ካለችኝ ውስጥ የለም። አባዬ፣ ይህን ላንተም አልነገርኩህም።

በሚያዝያ ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። እኛ ስብሰባ ከሄድን እንፈርማለን። ለማዳበሪያም፣ ለክትባትም፣ ለእድርም እንፈርማለን። ተገኝቻለሁ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ይሆናል ብለን አስበን አናውቅም። ስብሰባውን የመሩት ሰውዬ "ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ ማናት?" አሉ። ሰው ወደ እኔ ጠቆመ። የመቶ አሥራ ሁለት ሰው ስም ጻፍኩ። መፈረም የማይችለው በአውራ ጣቱ አተመ። የእማማ ዘቢደርን ጣት ይዤ ቀለሙ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። "በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሙሽራ እንሶስላ አስሞቅሽኝ" ብለው ቀለዱብኝ።

ከወር በኋላ ያ ወረቀት ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ ተመለሰ። ከስሞቹ በላይ፣ "እኛ ከዚህ በታች የተዘረዘርነው ነዋሪዎች ከመሬታችን ለመነሣት ተስማምተናል" ይላል። ያንን ለእማማ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አቤቱታ ገባ። "ጽሑፉ አስቀድሞ ነበረ፤ ተነብቦላቸው ነው የፈረሙት" የሚል መልስ መጣ። እናንተም እርስ በርስ ተጠያየቃችሁ። እርግጠኛ የሆነ ሰው አልተገኘም። የስም ዝርዝር ላይ ስሙን እንጂ ሌላውን ማን ያያል?

በሰኔ እማማ ዘቢደር ደጃፋቸው ተቀምጠው የስንዴ ዘር ሲለቅሙ አጠገባቸው ነበርኩ። እጃቸውን ከስንዴው ሳያነሡ ጠየቁኝ።

"የኔዓለም፣ ስትጽፊ ከላይ ጽሑፍ ነበረበት?"

"አላስታውስም" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ይሁን። ሲታወስሽ ትነግሪኛለሽ።"

አልተቆጡም። ደግመው አልጠየቁኝም። አያ መንግስቱን "ልጅቷን አታስጨንቋት" ብለው ለምነዋቸው እንደነበር የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው።

እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ያን ቀንም አስታውስ ነበር። ከላይ ባዶ ነበር። ሰውዬው አራት መስመር ዝለዪ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ለምን ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። በኋላ ደግሞ ፈራሁ። እናንተን ነው የፈራሁት፣ ወገኖቼ። "አንቺ ነሽ ያስፈረምሽን" የምትሉኝ መስሎኝ። አምስት ወር ሙሉ ደጃቸው እየሄድኩ ስንት ወረቀት አነበብኩላቸው! አንዲቷን ቃል ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ሲያማቸውም ሄጃለሁ። ውኃ አጠጣኋቸው። ያን ጊዜም ሲድኑ እነግርዎታለሁ እያልኩ ነበር። ሰው ሁልጊዜ ይድናል እንዴ?

ጤፋቸው ሳይታጨድ ቆሟል። ሰኞ ልታጭዱላቸው ተስማምታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለሚመጣው ዓመት ግን ማሳው ይዘራ እንደሆነ፣ እኛም እዚህ እንኖር እንደሆነ የሚወስነው የነገው ቀጠሮ ነው። ደብረ ማርቆስ አቤቱታችን ይሰማል። ነገ ስለ እኛ ሊናገሩ የነበሩት እማማ ዘቢደር ናቸው።

እማማ፣ ደህና ይሁኑ። ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ካረፉበት ማንም ችካል ተክሎ አያነሣዎትም። ለእኛ ለቀረነው ይለምኑልን።

አያ መንግስቱ፣ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ባጃጅ አብሬዎት እሄዳለሁ። ድምፄ ከጠፋብኝ አንዴ ይጠብቁኝ። ስሜን እናገራለሁ። መቶ አሥራ ሁለቱን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስጽፍ ከላይ ምንም አልነበረም እላለሁ።