የሰደቃው ዱቄት ሲፈላ

አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ዘይቱናዬ? ልጆችሽስ? አልሀምዱሊላህ። ነይ እስቲ፣ እዚህ ከጎረቤት የሚያዋስነን አጥር ጥግ ጥላው ይሻላል፤ የዘንድሮው ሙቀት እንኳን ሰውን የቦርከናን ወንዝም ሳያደርቅ አይቀር። ጮክ ብዬ ማውራቴን አትይብኝ፤ ጆሮዬ ደክሞ ነው። አጥር እንደሆነ ጆሮ የለው!

ስለ ሰው ደግነት እያሰብኩ ነበር። ለረመዳን ለሰፈሩ ችግረኛ ዱቄት ያከፋፈለችው ጎረቤቴ... ስሟን አልጠራም፤ ደግ ሰው መጠራት አይወድም። ቀኝ የሰጠችውን ግራ አትወቅ ይባል የለ? የሷን ቀኝ ግን እስከ ባቲ ሰሙላት። ግራዋ ምን ስትሠራ እንደነበር ብቻ ነው ማንም ያልሰማው... ዱቄቱስ! ንጣቱ! እንዲህ ያለ ስንዴ የት አገር ይበቅላል? ለኢፍጣር ገንፎ አገነፋሁላቸው፤ ልጆቹ እስከ ማግስቱ ሆዳቸውን ይዘው ዋሉ። ከጥጋብ ነው መቼስ።

እና የልጄን ልጅ ሰሀርን፣ አስተማሪዋ ኑርሁሴን «ለሳይንስ ሙከራ ከየቤታችሁ የሚበላ ነጭ ዱቄት አምጡ» ቢላት፣ ከዚያው ሰደቃ በላስቲክ ቋጥሬ ሰጠኋት። አንዱ ጨው፣ አንዷ ስኳር፣ ሌላዋ የዳቦ ሶዳ ይዛለች። አቼቶ ጠብ ሲያደርግበት ጨው ዝም፣ ስኳር ዝም፤ ሶዳው አረፋ ደፍቆ ገነፈለ። የሰሀር ዱቄትስ? እሱም ገነፈለ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ አቼቶ ከነካው ግን ለካ ማደርም የለበት...

«ስንዴ እንዲህ አይፈላም፤ ሶዳ ቀላቅለሻል» ብሎ ዜሮ ሰጣት። «ወላሂ አልቀላቀልኩም» ብትል ማን ሰማት? ይኸው ልጆቹ «አታላይዋ» እያሏት፣ ትምህርት ቤት ድርሽ አልልም ብላ ተኝታለች። ሄጄ ብጠይቀው «ኖራም አቼቶ ሲነካው ይፈላል፤ ግን እናቴ፣ ኖራ ማን ይበላል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማን ይበላል? እዚህ ሰፈር ለረመዳን መቀበያ ቤቷን ኖራ ያስቀባች እንደሁ አንዲት ብቻ ናት። የተረፋትን የት እንዳደረሰችው እንጃ... ባለሙያ ሴት ምን ትጥላለች?

እሷንም ለመንኳት። ስለ ዱቄቱ ክፉ አልወጣኝም፤ «አንቺ የሰጠሽን ነው፣ ልጅቱ አልነካችውም ብለሽ ለአስተማሪው መስክሪላት፤ ያንቺን ቃል ያምናል» ብቻ ነው ያልኩት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ልጅ አይደለች? ትቀላቅላለች።» እንዴት ያለ ማስተዋል ነው! ሰው መቼስ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው...

ኧረ አልተቀየምኩም! ሰደቃዋን በልቼ? ይልቅ ዱአ ላድርግላት፤ አንቺም አሚን እያልሽ። አላህ ልጆቿን ያሳድግላት። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ዕውቀት ይጨምርላቸው። እውነት ተናግረው ሰው ሁሉ ውሸታም ባላቸው ቀን ደግሞ... ልክ እንደ እናታቸው ያለ ምስክር ያቁምላቸው።