የጠበበው እጅጌ

አንዳንድ ሰው ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ስለማያስብ ይሳሳታል፤ ልብስ ሰፊዋ የተሳሳቱት ግን አብዝተው ስለሚያስቡ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ «ምናልባት ማታ ጎርፍ ይሆናል» ይላሉ፤ ደንበኛ ስትዘገይ «ምናልባት መኪና ገጭቷት ይሆናል» ብለው ደጅ ወጥተው ያያሉ። የሰፈሩ ሰው የወጣላቸውን ስም ትቶ «እትዬ ምናልባት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ ሲጠሩ አቤት ይላሉ።

አንድ ነገር ብቻ ግን በ«ምናልባት» እንኳ አያነሡም። አንዲት ልጃቸው አርግዛለች። ታናሽ እህታቸው ደግሞ ድሮ ነፍሰ ጡር ሳለች ታመመችና ክንዷ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ለኳት፤ «ደም ግፊት አለባት» ተብሎ ሆስፒታል ገባች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ መለኪያውና ሞት በልባቸው አንድ ላይ ተሰፍተው ቀሩ። ልጃቸው ለክትትል በተቀጠረች ቁጥር «ዛሬ ሥራ በዝቷል፣ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» እያሉ ሲያስቀሯት ከረሙ። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ግን የክፋትን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

አንድ ጠዋት የስፌት ቤታቸው በር ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ቆመች። ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን የምታይ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት የጤና ሠራተኛ ናት። ያመጣት ሌላ ጉዳይ አልነበረም፤ የቦርሳዋ ማንገቻ መንገድ ላይ ተበጥሶባት ነው።

«እንደምን አደሩ እትዬ፤ ይቺን ይሰፉልኛል?»

«እሰፋልሻለሁ። ምን ብትጭኚባት ነው እንዲህ የተገነጠለችው?»

«የደም ግፊት መለኪያ ናት እንጂ ሌላ ሸክም የለብኝም።»

የልብስ ሰፊዋ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ አለ። «እንግዲያው እዚያ በሩ ጋ አስቀምጫት። ከልጄ ራቅ አድርገሽ።»

ሲስተር ዞር ስትል ልጅቷን አየቻት፤ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች።

«ስንት ወርሽ ነው እህቴ?»

«ስምንተኛውን ይዣለሁ።»

«ክትትልሽ የት ነው?»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናትየው መለሱ፦ «ክትትሏ እኔ ነኝ።»

«ደግ ነው። የእናት ዓይን የመሰለ የለም። ግን እትዬ፣ ግፊት በዓይን አይታይም።»

«ምኗን ታመመችና? ትበላለች፣ ትተኛለች። ፊቷን እይው፣ ሞልቶ አምሮባት የለ? ጤነኛን ሰው ለክቶ በሽታ መፈለግ ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«የእርግዝና ግፊት ክፋቱ እሱ ነው፤ በር አንኳክቶ አይገባም። ብዙዋ እናት ምንም ሳይሰማት ይከርምና አንድ ቀን ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ብዥ ይላል፣ ያንቀጠቅጣታል። ያን ጊዜ ለእናትም ለልጅም ያስፈራል።»

«አየሽ፣ አፍሽ ክፉ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ስሙን እዚህ ቤት አላስጠራም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ደግሞ ይባላል።»

«ተረት ለተረት ከሆነ እኔ እበልጥሻለሁ፤ በዕድሜ ነው የሚለቀመው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ግንባሯን በመዳፏ ያዝ አደረገች። እናትየው አላዩም፤ ወደ ሲስተር ዞረው የእህታቸውን ነገር መተረክ ጀምረው ነበር። ለማንም አውርተውት አያውቁም። ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«በእግሯ ሄዳ ነው የገባችው። ሳይለኳት ደህና ነበረች።»

«ከዚያ ቀን በፊት ተለክታ ታውቃለች?»

«ለምን ትለካለች? ደህና ነበረች እያልኩሽ።»

«እትዬ፣ ቤት ሲቃጠል እሳት እሳት ብሎ የጮኸው ሰው ቤቱን አላቃጠለውም። መለኪያው እህትዎን አልገደላቸውም፤ ዘግይቶ ነው የደረሰላቸው።»

«እናንተ ሁልጊዜ ዘገያችሁ ነው የምትሉት። ጥፋቱን ለሟች ትሰጡና ትሄዳላችሁ።»

ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ሐሰትም አይደለም።

«ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም» አለች ሲስተር። «ቤታቸው ድረስ ሄዶ የለካቸው አልነበረም። እኔ ማንገቻ እስኪበጠስ የምዞረው ለዚህ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጭናቸው ላይ የነበረውን ቀሚስ አንሥተው መተርተር ያዙ።

«የማን ነው ቀሚሱ?»

«የሷ ነዋ። ጠቧት ላሰፋላት ነው።»

«ሆዱ ጋ?»

«ሆዱንማ ገና ድሮ በላስቲክ አድርጌዋለሁ። እጅጌው ነው። ባለፈው ሳምንት አንጓዋ ላይ አሰፋሁላት፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ...»

ቃላቸውን አልጨረሱትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለነፍሰ ጡር ሰፍተዋል። ሆድ ይገፋል፣ ደረት ይሞላል፣ ዳሌ ይሰፋል፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጅ ግን በእጅ አንጓ ውስጥ አያድግም። በገዛ መቀሳቸው በሳምንት ውስጥ ሁለቴ እየተረተሩ እንዴት አላዩትም? ቀና ብለው የልጃቸውን ፊት አዩ። ሞልቶ አማረ ያሉት ፊት ለካ ዓይኗ ሥር አብጦ ኖሯል።

«እማ» አለች ልጅቷ፤ «ራሴን ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰነባበተ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

እናትን የሚያደማ ቃል ከዚህ ሌላ የለም። ክፉው እንዳይደርስባት ሲሉ አፋቸውን የዘጉት እናት የልጃቸውንም አፍ አብረው ዘግተውታል።

ልብስ ሰፊዋ ተነሡ። ቦርሳዋን ከበሩ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ለኪያት።»

የለበሰችው ቀሚስ እጅጌ ግን ወደ ላይ አልሰበሰብ አለ። ሲስተር ልትታገል ስትል እናትየው መቀሱን አንሥተው ከአንጓ እስከ ትከሻ ቀደዱት። አዲስ ልብስ ነበር።

«አሁን ጀርባሽን ደግፊ፤ እግርሽን አታጣምሪ፣ መሬት ይንካ» አለች ሲስተር። ክንዷን ከልቧ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችላት። «ዝም ብለሽ ትንሽ ዕረፊ። ወሬም መለኪያውን ያሳስተዋል።» ለካች፤ ከፍ ብሏል። አሳርፋ ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

«እብጠት ብቻውን ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ነፍሰ ጡር ያብጣታል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው መለኪያው ነው። ይሄ ለነገ አያድርም፤ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ምናልባት አትመለስ ይሆናል» አሉ እናትየው።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም፤ እኔ ነገን አላውቅም። አሁን ከሄደች ግን የምትመለስበት መንገድ ሰፊ ነው። ከቀረች ይጠባል።»

ሱቁን ቆለፉ። ማንገቻ የሌላትን ቦርሳ ልብስ ሰፊዋ ራሳቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ።

ሆስፒታል ሽንቷን መረመሩ፤ ግፊቱን የሚያወርድ ኪኒን፣ እንዳያንቀጠቅጣት መርፌ ሰጧት፤ አስተኝተውም ተከታተሏት። ሕፃኗ ከቀኗ ቀደም ብላ ተወለደች። ትንሽ ናት፤ ለቅሶዋ ግን ኮሪደሩን ሞላው። እናትና ልጅ በደህና ቤታቸው ገቡ። ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊነሣ ይችላልና ሲስተር እየመጣች መለካቷን አልተወችም፤ አሁን በሩ ቀድሞ ይከፈትላታል።

ይህን የምታነቢ እናት፣ የልብስ ሰፊዋ እህትና የልጃቸው በሽታ አንድ ነበር። የለያቸው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ያልተለካ ግፊት አልለካም ስላሉት አይቀርም፤ በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው፣ ሐኪም ይዘጋጅበታል፣ ቤተሰብም መኪና ፍለጋ በጭንቅ ሰዓት አይሯሯጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ፍርሃትሽን ጣይው አልልሽም፤ እናት ሆኖ አለመፍራት አይቻልም። ይዘሽው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ ቤት አትቀመጪበት።

የሲስተር ማንገቻ በድርብ ክር ተሰፍታለች፤ እስከ ዛሬ አልተበጠሰችም። ልብስ ሰፊዋም ለነፍሰ ጡር የሚሰፉት ቀሚስ ሁሉ እስከ ትከሻ የሚከፈት እጅጌ አለው። አንዷ ደንበኛ መጥታ «እትዬ፣ አንጓዬ ላይ ጠበበኝ፣ ያስፉልኝ» ስትላቸው መቀሱን አያነሡም።

«ምናልባት ደህና ነሽ» ይሏታል። «ምናልባትም አይደለሽም። መጀመሪያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፤ እጅጌውን ስትመለሺ አሰፋልሻለሁ።»