ጭስ የሌለው ምድጃና የአራስ ቤት

ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሀብታም ድሃ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል ሁሉንም በተገኘው ጣሪያ ሥር ይሰበስባል። ወይዘሮ ማናልሞሽም ያን ዕለት ከገበያ አንድ ሸክም እንጨት ገዝተው ሲመለሱ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸውና የጎረቤታቸው የሰማን ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። በረንዳው ላይ የሰማን ልጅ ኑዕማን ቁጭ ብሎ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በምስማር ይበሳል። በብረታ ብረት ሥራ ከተመረቀ ዓመት አልፎታል፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው የተጣለ ቆርቆሮ ሲለቅም ነው።

ኑዕማን ብድግ ብሎ በርጩማውን ለቀቀላቸው። «እንደምን ዋሉ እማማ? አረፍ ይበሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆይ ግን ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ቆርቆሮ ለመብሳት ነው?»

«ምድጃ እየሠራሁ ነው እማማ።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ከልባቸው ሳቁ። «ውይ ልጄን! ደግሞስ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ወጡንስ አያጣፍጠውም። ግን እማማ፣ ይህ ዓይንዎ ጠዋት ማታ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው?»

«ከእርጥብ እንጨት ጋር ስታገል ነዋ! እዚህ አገር ደረቅ እንጨት ማን አይቶ ያውቃል?»

«እኔም የምለፋው ለዚሁ ነው» አለና ሥራውን ያሳያቸው ጀመር። የቲማቲም ድልሁን ትንሽ ቆርቆሮ በወተቱ ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ አስገባ። ሁለቱም ከታች ተበስተዋል፤ ትንሹ ከላይም ዙሪያውን ተበስቷል። «አየሩ በሁለቱ መሀል ሽቅብ ሲወጣ ይሞቃል። ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሲገባ ጭሱን ራሱን ያነደዋል። እንጨት ደግሞ አይፈልግም፤ ከቡናው ሥር የሚለቀም ጭራሮ ይበቃዋል።»

«ጭስ ሲነድ! ወሬኛ!»

ኑዕማን አንድ እፍኝ ጭራሮ አነደደና ማንቆርቆሪያ ጣደ። መጀመሪያ ትንሽ አጨሰ፤ ከዚያ ጭሱ ጠፋና ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዝናቡ ሳያባራ ውሃው ተንተከተከ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ዞረው አዩ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጭስ የለም።

«በእመቤቴ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ መክሊት ወሯ ገብቷል። ባሏ እንደምታውቀው ሩቅ፣ ማጂ ነው የሚያስተምረው፤ ያለ እኔ ሰው የላትም። አምና የወለደችውን ልጅ በሦስተኛው ቀን ብርድ ነጠቀን። የአሁኑን ደግሞ... የአሁኑን ላጣው አልፈልግም። አንድ ሥራልኝ።»

«ይኸው፣ ይሄንኑ ይውሰዱት!» አለ ኑዕማን በደስታ። «ጭስ የለው፣ ጣጣ የለው!»

የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያሸነፈ ሲመስለው ትምህርቱን ያቆማል። ኑዕማን የምድጃውን ጥቅም አንድም ሳያስቀር ተናገረ፣ አዛውንቷን ረታ፣ ደስ አለው። መናገር የነበረበትን አንድ ነገር ግን ሳይናገር ቀረ። ይህን እኔ ለወቀሳ ያህል ብቻ አላነሳውም፤ ሰው ሊሞትበት ነበር።

መክሊት በሳምንቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። ወይዘሮ ማናልሞሽ ገንፎውን፣ አጥሚቱን በዚያች ምድጃ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲሠሩ ሰነበቱ። የገዙት እንጨት ሳይነካ ተቀምጧል፤ ዓይናቸውም ማልቀሱን ተወ። ላገኙት ጎረቤት ሁሉ «የሰማን ልጅ እጁ ይባረክ» ይላሉ፤ ሰሚውም ከኑዕማን ምድጃ ይገዛ ጀመር።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ኑዕማን እናቱ ዘይቱ ለአራሷ የላከችውን ማር ይዞ መጣ። ወይዘሮ ማናልሞሽ የአራሷን ክፍል በር ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንኳን በሰላም ተገላገለች እማማ። እናቴ ይህን ልካለች። ምድጃዋስ እንዴት ናት?»

«ምን ልበልህ ልጄ፣ መድኃኒት ናት! ትናንት ብርዱ ሲብስ ከሰል ጨምሬባት ልጄ አጠገብ አስገባኋት። ጭስ የለ፣ ምን የለ! የበሩን ሥር፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ። ዘንድሮ ብርድ በየት በኩል ይገባል?»

ኑዕማን ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ በሩን ይክፈቱት! አሁኑኑ!»

«ምን? ጤነኛ ነህ? የአራስ ቤት በዚህ ነፋስ ይከፈታል? በዚያ ላይ ምች መቷት ራሷን ሲያማት ነው ያደረው። ዳማከሴ አሽቼላት ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳት።»

«ራስ ምታቱ መቼ ጀመራት?»

«ትናንት።»

«ምድጃዋስ መቼ ገባች?»

«ትናንት አልኩህ እኮ!»

«አቅለሸለሻት?»

«አዎ፣ ገንፎውንም መለሰችው። የምች ነገር እንዲህ ነው። አንተ ወንድ ልጅ፣ የአራስ ነገር ምን አገባህ?» ብለው ጀርባቸውን ይበልጥ ወደ በሩ አስጠጉ። አምና የሞተው ሕፃን ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። በሩን ቢከፍቱት ያ ብርድ ተመልሶ የሚገባ መሰላቸው።

ኑዕማን ገፍትሯቸው መግባት አልደፈረም፤ ጉልበታቸው ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ከሰሉ አልነገርኩዎትም። ከሰል ሲነድ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ይወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ ድሮ ምድጃዋ ሳትኖር ቤቱን በምን ነበር የምታሞቁት?»

«በእንጨት።»

«ሲያጨስባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ምን እናደርጋለን፣ በሩን እንከፍ...»

እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«አዩ እማማ!» አለ ኑዕማን እያለቀሰ። «ጭሱ ክፉ ቢሆንም ክፈቱ ብሎ ይነግራችሁ ነበር። እኔ ነጋሪውን አጠፋሁት፣ መርዙ ግን አለ። በእመቤትዎ ይዤዎታለሁ፣ ይጥሯት! ብትመልስልዎት በሩን አልነካም።»

«መክሊት!» አሉ። መልስ የለም። «መክሊትዬ! ኧረ ልጄ!»

ምንም የለም። ወይዘሮ ማናልሞሽ ያን የጠቀጠቁትን ጨርቅ በጥርስም በጥፍርም ነቀሉት። በሩ ተበረገደ። መክሊት ስትጠራ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች፤ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተዝለፍልፋለች። ያኔ ወግ የት አለ! ኑዕማን ገብቶ አራሷን ተሸክሞ በረንዳው ላይ አወጣት፣ አያትየዋ ሕፃኗን አቅፈው ተከተሉት። ብርዱ ፊታቸውን ገረፈው። ወይዘሮ ማናልሞሽ በሕይወታቸው ብርድን ሲለምኑ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። «ንፈስ፣ ንፈስ አባቴ!» አሉ። ሕፃኗ ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ጉንጯን ነፋስ ሲነካት ቀጭን ለቅሶ አወጣች። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ዳኑ። ሐኪሙም «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

እናትና ልጅ ወደ ቤት በተመለሱ ማግስት ኑዕማን አንገቱን ደፍቶ በዝናብ መጣ። መዶሻ ይዟል።

«እማማ፣ ምድጃዋን ይስጡኝ። ቀጥቅጬ ልጣላት። የሠራኋቸውንም ሁሉ ከየቤቱ ልሰብስብ።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ምድጃዋን ከኋላቸው ሸሸጉ። «አልሰጥህም! እኔ ነገሩን ሳላጣራ አምኜ ልጄን ልገድል ነበር። አንተ ደግሞ ፈርተህ ደጉን ነገር ልትገድለው ነው?»

«ሰው ገዳይ ሠርቻለሁ እኮ!»

«ዝም በል! ገዳዩ የተዘጋው በር ነው። ማን ዘጋው? እኔ። ማን ሳይነግረኝ ቀረ? አንተ። እንካፈለው።» በረንዳው ላይ አስቀመጡት። «ስማኝ ልጄ። ሃምሳ ዓመት ጭስ ዋጥኩ። ይህች ከገባች ወዲህ አንድ እንጨት አላነደድኩም፣ ዓይኔ አርፏል፣ ከቡናዬ መሀል የጥላ ዛፍ አልተቆረጠም። እሷን አልጥላትም። ቦታዋ ግን እዚህ፣ ነፋስ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ነው። ምግብ ታብስል፤ ቤት አታሙቅ። አራስ ከበረዳት ልብስ ይደረብላት፣ ልጇን ከደረቷ ትለጥፍ። እንደ አባቴ ጊዜ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ፍም አግብቶ አራስ ማረስ ከእኔ ቤት ቀርቷል።»

ኑዕማን ቀና ብሎ አያቸው። ኮሌጅ ያስተማሩት ሁሉ ይህን ያህል አላስተማሩትም ማለት እችላለሁ።

«እንግዲያው እጽፍበታለሁ» አለ። ምስማሩን አውጥቶ በቆርቆሮው ወገብ ላይ ነጥብ በነጥብ ይበሳ ጀመር። ጽሑፉ «በደጅ አንድዱኝ፤ በተዘጋ ቤት እገድላለሁ» ይላል። «ከእንግዲህ ይህ ያልተጻፈበት ከእጄ አይወጣም።» በስቶ ሲጨርስ፣ «ማንበብ የማይችሉትስ እማማ?» አለ።

«ለእነሱ እኔ አለሁ» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ወሯ የገባው ጎረቤታቸው አሰጋሽ ከሳምንት በፊት ከኑዕማን ምድጃ መግዛቷን ያውቃሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቁ ወደ እሷ ቤት ወጡ።