የዘገየው እንኳን ደስ አለሽ

ጋምቤላ ነርስ ነኝ። ወፍ ፎቶ ማንሳት የምንወድ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የወሩ ምርጥ ፎቶ ሲመረጥ፣ ከባሮ ወንዝ ዓሣ ይዛ ብድግ ስትል ያነሳኋት ወፍ የጓደኛዬን የመምህር ኦኬሎን ፎቶ በለጠች። የጭብጨባ ስቲከር ዘነበልኝ፤ ኦኬሎ ግን ዝም አለ። ከፍቶት ይሆናል ብዬ ተሳቀቅኩ።

አመሻሹ ላይ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለሽ! የዘገየሁት ፎቶሽን አተልቄ እያየሁ ነው። ከዓሣው ጭራ የውሃ ጠብታ ልትወድቅ ነው፤ ፀሐይ ገብቶባታል። ስታነሺ አብረን ነበርን፣ እኔ ግን ይህን አላየሁም።»

ፎቶዬን ከፍቼ አፍጥጬ አየሁ። እውነቱን ነው። ደወልኩለት።

«ኦኬሎ፣ እኔም ጠብታዋን አላየኋትም ነበር! አንተ ነህ ያሳየኸኝ።»

ሳቁ ስልኩን ሞላው። «እንግዲያው እንኳን ደስ አለን!» አለኝ።