ከግራው በር የተነሳው ቀለም

ጨርቁ ላይ ሁለት ቀለም ነበረ። እኔ ግን ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ከዓሣ ገበያ ስመለስ የቤታችንን ጋራዥ በር ክፍት አየሁትና ጎራ አልኩ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሐጅ ሚትዋሊ እጅጌያቸውን ሰብስበው በሟቹ ባለቤቴ ፔጆ መኪና አጠገብ ተንበርክከዋል። በቲነር የነከሩትን ጨርቅና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ እያፈራረቁ የግራውን በር ይፈገፍጋሉ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል። የጠበቅኩት እሱኑ ስለነበር ደስ አለኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ዓሣው ትኩስነት አወራን፣ እሳቸውም ጨርቁን አጥፈው እንደገና ነከሩት። ከሰማያዊው ሥር የወይራ አረንጓዴ ያየሁት ያኔ ነው። ሰማያዊው የጀልባ ቀለም ነው፤ አረንጓዴው ግን የመኪናው የራሱ ነው።

"ሐጂ፣ ያቁሙ!"

"ምን ሆንሽ ኡም ሪሃም? እባብ ያየሽ ትመስያለሽ።"

"ጨርቁን ይዩት።"

አዩት። ከዚያ በሩን አዩ። በሩ ላይ ታትሞ የነበረው ሰማያዊ የመዳፍ ምልክት በእርግጥ ጠፍቷል። በነበረበት ቦታ ግን ወዙ የሞተ፣ አመድ የመሰለ፣ በሽቦ የተጫረ ሌላ ነገር ተተክቷል።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ልናገር። ኡም ሪሃም፣ የሪሃም እናት፣ የምባልባት ልጄ ሪሃም እዚሁ እስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ዓይኖቿ ግን እየደከሙ ነው። ከዓይኗ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን እየሳሳ፣ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እየወጣ ነው። ሐኪሙ ለሁለቱም ዓይኖቿ ሕክምና ያስፈልጋታል አለ። "ሕክምናው ያለውን ያቆማል፤ የሄደውን አይመልስም" ያለኝን ቃል ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ። የሚሸጥ ነገር ብንፈልግ ከፔጆው በቀር ምንም የለንም። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው ከካይሮ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ "ከፋብሪካ ከወጣች ብሩሽ አልነካትም! እንዲህ ያለች ከየት ትገኛለች!" እያለ አደነቀ። አድንቆ ሲጨርስ ግን ማሻአላህ አላለም።

ሐጅ ሚትዋሊ ይህን አልረሱም። ዕድሜያቸውን በባሕሩ ዳር ሰፈር በአንፉሺ ጀልባ ሲፍቁና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰውየው እንደሄደ መዳፋቸውን በተረፈ የጀልባ ቀለም ነክረው በሁለቱ የፊት በሮች ላይ አተሙ። የሰው ዓይን እንዳይበላው ብለው ነው። አሁን ሰውየው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ደወለ፤ መዳፎቹ ከዚያ በፊት መጥፋት ነበረባቸው።

ጉዳቱን አይተውም ቅዳሜ ስለደረሰባቸው የቀኙን በር ሊጀምሩ ሲነሱ ሪሃም ከትራም ወርዳ ደረሰች። ሽታው ጋራዡ በር ላይ አቆማት።

"አጎቴ፣ ይህ ቲነር ነው?"

"ሽቶ መስሎሽ ነው? ቲነር ነው።"

"በምን ላይ አደረጉት?"

ፊቷን እስክታስነካ ድረስ ወደ በሩ ተጠጋች፤ እሷ የምታየው እንደዚያ ነው። ቆይታ ቀና አለችና በትሕትና፣ "አጎቴ፣ የቀኙን ለእኔ ይተዉልኝ" አለች።

"ሃምሳ ዓመት ጀልባ በቲነር አጥቤያለሁ። አንድም ጀልባ አላለቀሰም።"

"ጀልባ እስከ እንጨቱ ይፋቅና እንደገና ይቀባል። ይህን እንደገና ከቀባነው ገዢው አይፈልገውም። የሚገዛው ያንን የፋብሪካ ቀለም እኮ ነው።"

"ቀለም ቀለም ነው፤ የላይኛው ይነሳል፣ የታችኛው ይቀራል።"

"ቲነር የላዩንና የታቹን አይለይም አጎቴ። ሁለቱንም ያሟሟል። ሽቦው ደግሞ ቲነሩ ያለሰለሰውን ይዞ ይሄዳል።"

ሐጅ ሚትዋሊ ተቆጡ። የተቆጡት በራሳቸው ይመስለኛል፤ የቃላቸው በትር ግን ያረፈው እሷ ላይ ነው። "ሳይንስሽን ለመምህራንሽ አስረጂ! አንቺ የራስሽን ጣት ሳታይ ለእኔ ልታሳዪኝ?"

ደሜ ፈላ። ከዚህ የባሰ ቃል ይከተላል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ሁልጊዜ የባሰውን ነው የምጠብቀው። ሪሃም ግን ከዓሣው ዘንቢል ውስጥ ስስ ላስቲክ አውጥታ፣ "ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልግም። እጅዎን ይስጡኝ" አለች።

የጎረምሳ እልህ ይዟቸው ቢሆን ኖሮ ባልሰጡ ነበር። ሰጡ። ላስቲኩን እንደ ጓንት አጠለቀችላቸውና መዳፋቸውን በቀኙ በር ላይ አስሄደችው።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ልሙጥ ነው... አሁን አሸዋ የመሰለ ነገር።"

"እሱ የእርስዎ ሰማያዊ ነው። ከላይ ነው የተቀመጠው፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ማንሳት ያለብን አሸዋውን ብቻ ነው። አሁን ወደ ግራው ይምጡ።"

በግራው በር ላይ እጃቸው ቆመ።

"ቦይ አለው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ቦይ አለው።"

"ታዲያ ትንሽ ማሸት ምን ይጎዳል? ሰው ሁሉ ያሻል።"

ሪሃም መነጽሯን አወለቀች። "አጎቴ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ሲያሳክከኝ አሸው ነበር። እማዬ ትከለክለኛለች፣ እኔ አሻለሁ። ማሸቱ አባብሶታል አለኝ። የሚያሳክከው ከላይ ነበረ፤ የሳሳው ግን ሽፋኑ ነው። ሽፋን አንዴ ከሄደ ከየት ይመጣል?"

ሐጅ ሚትዋሊ የቲነሩን ጣሳ ተመለከቱ። ክዳኑን ፈልገው አገኙና በመዳፋቸው መትተው ገጠሙት።

"እሺ፣ በምን ይነሳል?" አሉ።

ያን ቀንና በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሲሠሩ ተቀምጬ አየሁ። በመጀመሪያ ሪሃም የቀኙን በር በሳሙናና በውኃ አጠበች፤ በላዩ አቧራ ካለ እሱ ራሱ ይጭራል። ቀጥላ የመድኃኒት ቤት አልኮል በጥጥ ነካ አድርጋ፣ በሩ ሲዘጋ በማይታየው የውስጥ ጠርዝ ላይ ሞከረችው። ጥጡን ለሐጅ ሰጠቻቸው።

"አረንጓዴ አለው?"

"የለውም። ነጭ ነው።"

"በደንብ ይዩልኝ።"

"ወላሂ ነጭ ነው!"

ከዚያ በኋላ ብቻ ሰማያዊውን በጥጡ እያራሰች፣ ሲለሰልስ ጊዜው ባለፈ የተማሪ መታወቂያዋ ጠርዝ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀስ እያለች ገፋችው። የቀረውን ነጠብጣብ መኪና አጣቢዎች በሚጠቀሙበት፣ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ የሸክላ ጭቃ፣ የሳሙና ውኃ እያፈሰሰች፣ ሳትጫን አነሳችው። ሸክላው ቢወድቅባት ጣለችው፤ የወለል አሸዋ ይዟል አለች። መጨረሻ ላይ ሰም ቀባችው።

ሐጅ ሚትዋሊ ዝም ብለው አልሠሩም። "ይህ በር ነው ወይስ ሙሽራ?" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እና የሰውን ዓይን በምን እንከላከል?" ብለው ጠየቋት።

"በጸሎት አጎቴ። አላህ ቀለም ይፈልጋል እንዴ?"

ሳቁ። ከዚያ ወደ ግራው በር ዞረው አዩና ሳቃቸው ቆመ።

ቅዳሜ ሰውየው መጣ። በቀኙ በር ላይ ጣቱን አስሄደና፣ "እንደተወለደች ናት፣ ማሻአላህ" አለ። አሁን አለ! ወደ ግራው ሲዞር ጣቱን ሰበሰበ። መጥፎ ሰው አልነበረም። "ይህ በር መቀባት አለበት፤ ከተቀባ ደግሞ መኪናዋ ሌላ መኪና ናት። እወስዳታለሁ፣ ግን በተነጋገርነው አይደለም" አለ። ሐጅ ሚትዋሊ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሴትየዋ አይደለም" አሉት። ሰውየው አዘነ፤ ዋጋውን ግን አልጨመረም።

የከፈለው የበቃው ለአንድ ዓይን ነው። ሐኪሙ የትኛው ይሁን ብሎ ጠየቀን። ሪሃም ናት የመለሰችው፤ "የቀኙ ይሁን። እዚያ የተረፈው ይበልጣል።"

ይህን የምጽፈው እናቶችና አባቶች እንዲያነቡልኝ ነው። ያልተፈለገ ቀለም መኪናችሁ ላይ ሲያርፍ በንዴት አትነሱበት። ከደካማው ጀምሩ፤ ውኃና ሳሙና ማንንም አልጎዱም። የበረታውን የምትሞክሩ ከሆነ ሰው በማያየው ጥግ ሞክሩት፣ ጨርቃችሁን ገልጣችሁ እዩት፤ የመኪናውን የራሱን ቀለም ካያችሁበት እጃችሁን አንሱ። የማታውቁትን ከመንካታችሁ በፊት የሚያውቅ ልጅ ቤታችሁ ካለ ጠይቁት፤ በዚህ ማንም ክብሩ አይጎድልም። እንዲህ ያደረገ ሰው የመኪናውን ወዝም ዋጋውንም ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም ለጨው አየር አይጋለጥም። ሐጅ ሚትዋሊ ዛሬ በአንፉሺ ለሚያገኙት ሁሉ ይህንኑ ይሰብካሉ። ጀልባ ፋቂዎቹ ሐኪም ሆኑ እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸው አይሰሙም። ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ይህ ትምህርት የደረሰው ከግራው በር በኋላ ነው።

ከሕክምናው በተመለስንበት ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ሐጅ ሚትዋሊ መጡ። የታጠበ የጥጥ ጓንት ይዘዋል። ሪሃም ተኝታ ዓይኗን እንዳታሽ እፈራ እንደነበር ነግሬያቸው ነበር። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው አንድ በአንድ አጠለቁላት፤ አንጓዋ ላይ በክር አሰሩት።

"ይጠብቅብሻል?"

"አይ። ግን በጠዋት ማን ይፈታልኛል?"

"እኔ እመጣለሁ። የጀልባ ቋጠሮ ነው፤ እናትሽ አትችለውም።"

በሩ ጋ ስሸኛቸው የግራ እጃቸውን ጣቶች አየሁ። ከጥፍራቸው ሥር አሁንም ሰማያዊ አለ። ቲነር አላስነኩትም ነበር።

"ቆልፊ" አሉኝ።

ቆለፍኩ። ገፋ አድርጌ ሞከርኩት፤ ተቆልፏል።